ሲሄዱ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13

ሉል ላይ ክር ወጥሮ ለለካ ሰው፣ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክሩ ሱዳንን ሰንጥቆ በሊቢያ አሸዋ ላይ ያልፋል፤ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ የስፔንን ደቡብና ፖርቱጋልን ይነካል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ውኃ ብቻ ነው። ከዚህ ጫፍ ቢለኩት ከዚያ ጫፍ፣ ክሩ ያው ክር ነው። መንገደኛው የሚያውቀው ግን ሌላ ነው። ሲሄድ 17 ሰዓት ገደማ፣ ሲመለስ 13 ሰዓት ገደማ። ይህ የዛሬ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚህ መንገድ ላይ መሄድና መመለስ እኩል ሆነው የተገኙበት ዘመን የለም ማለት ይቻላል።

ከአሜሪካ ሰው ቀድሞ አገራችን የገባው የአሜሪካ ጨርቅ ነው። በሐረር ገበያ የአሜሪካ አቡጀዲ በጣቃ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ የዋሽንግተን መንግሥት አዲስ አበባ ላይ አንድም ሹም አልነበረውም። ይህ ነገር ማርሴይ ተቀምጦ የነበረውን የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል ሮበርት ስኪነርን ከነከነው። ጨርቁን እኛ እንሸምናለን፤ ትርፉን ሌላው ይወስዳል፤ ንጉሡ ማን እንደሆኑ እንኳ አናውቅም እያለ ወተወተ። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሂድ አሉት።

ስኪነር ኅዳር 7 ቀን 1896 ዓ.ም. ጅቡቲ ደረሰ። አጃቢዎቹ የአሜሪካ የባሕር ኃይል ወታደሮች ነበሩ። ባቡሩ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ የበቅሎና የግመል ነው፤ ጭነት በጠዋት ይጫናል፣ ማታ ይራገፋል፣ ውኃ ባለበት ይታደራል። ታኅሣሥ 8 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ከወደቡ እስከ ቤተ መንግሥት አንድ ወር ፈጅቶበታል። የንግድና የወዳጅነት ውሉ ታኅሣሥ 17 ተፈረመ። አንድ ወር የተጓዘለትን ጉዳይ በዘጠኝ ቀን ጨርሶ ተመለሰ።

ወረቀቱ ግን ገና ብዙ መንገድ ይቀረው ነበር። በአሜሪካ ሥርዓት ውል በሴኔት ካልጸደቀ ውል አይባልም፤ ከጸደቀም በኋላ ሰነዱ ተመልሶ አፄ ምኒልክ እጅ መግባት አለበት። እንዲያደርስ የተመረጠው ኬንት ሉሚስ ይባላል፤ የውጭ ጉዳይ ረዳት ሚኒስትሩ ወንድም ነው። የጉዞ ጓደኛው ደግሞ ዊልያም ኤሊስ ነበር። ኤሊስ ቴክሳስ ውስጥ ከጥቁር ወላጆች በባርነት ተወልዶ፣ በኒው ዮርክ የገንዘብ ሰፈር ባለጉዳይ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ከስኪነር ጥቂት ቀደም ብሎ በራሱ ወጪ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከምኒልክ ጋር ተዋውቆ ሄዷል። የታሪክ መጻሕፍታችን ለስኪነር ገጽ ሰጥተው ኤሊስን በአንድ መስመር ማለፋቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሰኔ 1896 ዓ.ም. ሁለቱም ከኒው ዮርክ «ካይዘር ዊልሄልም ዳግማዊ» በተባለችው የጀርመን መርከብ ተሳፈሩ። አንድ ክፍል ነበር የያዙት። መርከቧ የእንግሊዝ ወደብ ፕሊመዝ ስትቃረብ ሉሚስ ተፈለገ፤ የለም። ልብሱ አለ፣ ሻንጣው አለ፣ የውሉ ሰነድ አለ፤ ሰውየው የለም። ከሳምንታት በኋላ አስከሬኑን ማዕበል በደቡብ እንግሊዝ ዳርቻ ተፋው። ወድቆ ይሁን ተገፍቶ እስከ ዛሬ የቆረጠለት ሰው የለም። የአሜሪካ ጋዜጦች ግን ሰነባብተው ጻፉ፤ ጥቁር ባለሀብትና የጠፋ የመንግሥት መልእክተኛ በአንድ ክፍል ውስጥ ከተገኙ ለወሬ ምን ቀረው? ኤሊስ ለወሬው አልቆመም። ሰነዱን ይዞ ባሕሩንም በረሃውንም ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባና ለምኒልክ አስረከበ። ከአሜሪካ ምድር ተነስቶ አዲስ አበባ እንዲደርስ የታዘዘው መልእክተኛ መንገድ በላው፤ ያልታዘዘው ደረሰ።

የምድር ባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የበቅሎው ወር ወደ ሦስት ቀን ወረደ። ለምን ሦስት? ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበር፤ አዋሽ ያድራል፣ ድሬዳዋ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። ሐምሌ 1911 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዊልሰንን ያነጋገሩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች በዚህ መስመር የሄዱ ናቸው። ደጃዝማች ናደው መሪ ሆነው፣ ብላታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ደስታ አብረው ነበሩ። የዓለም ጦርነቱን ድል «እንኳን ደስ አላችሁ» ለማለትና ጊዜው ያለፈበትን የምኒልክን ውል ለማደስ ነበር ጉዟቸው። ካባቸውን ደርበው ኒው ዮርክ ሲወርዱ፣ ጦርነቱ ካበቃ ስምንት ወር አልፎታል። በዚያ ዘመን የሩቅ አገር ደስታ የሚደርሰው እንዲህ ዘግይቶ ነበር።

አውሮፕላን ኢትዮጵያን የረገጠው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የምትባል የፈረንሳይ ሥራ ስትሆን፣ ከጅቡቲ አስነስቶ አዲስ አበባ ያሳረፋት አንድሬ ማዬ የሚባል አብራሪ ነው። ባቡሩ ሦስት ቀን የሚሄደውን መንገድ በሰዓታት ፈጸመችው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ጠረፉ ላይ ሲከማች፣ ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ ድረስ መጣ። መምጫው የጥንቱ መንገድ ነው፤ መርከብና ባቡር። በጦርነቱ ጊዜ የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን መልእክት በሰማይ ሲያመላልስ ቆየ፤ አገሩ ተመለሰ፤ ከነፃነት በኋላ ደግሞ ዳግም መጥቶ የእኛን ልጆች መብረር አስተማረ። ሕይወቱ ያለፈው እዚሁ አዲስ አበባ በ1946 ዓ.ም. በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ነው። እሱ ለሁለተኛ ጊዜ አልተመለሰም።

አሁን ወደ ዋናው ደርሰናል። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብፅ ውስጥ፣ የስዊዝ ቦይ በሚያልፍበት መራራ ሐይቅ ላይ በቆመች የአሜሪካ የጦር መርከብ ውስጥ ፍራንክሊን ሩዝቬልትን አነጋገሩ። እንግሊዞች ነገሩን አልወደዱትም፤ ያኔ የኢትዮጵያ ጉዳይ በእነሱ በር ብቻ እንዲያልፍ ይፈልጉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ደግሞ ሌላ በር ነው። ያ ዓመት ሳያልቅ ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። አብራሪው፣ መካኒኩ፣ ሒሳብ ያዡ ሁሉ መጀመሪያ አሜሪካዊ ነበር።

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። አውሮፕላኗ ሲ-47 ነበረች፤ ከጦርነቱ የተረፈች የወታደር ማመላለሻ። መቀመጫዋ እንደ ዛሬው ፊት ለፊት የተደረደረ አይደለም። በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ የተዘረጋ አግዳሚ ነው፤ ተሳፋሪው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ሲያይ ይውላል፤ መሐል ላይ ጭነት ይደረደራል። የያኔው ማረፊያ ልደታ አካባቢ ነበር፤ ዛሬም «አሮጌው ኤርፖርት» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። አሜሪካ መሄድ የፈለገ ሰው ካይሮ ላይ ይወርድና ሌላ አውሮፕላን ወይም መርከብ ይፈልጋል።

በ1950 ዓ.ም. ዲሲ-6ቢ የሚባሉ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ተገዙና መስመሩ አቴንስና ፍራንክፈርት ደረሰ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኖ በሲ-47 በርሯል። የጄቱ ጊዜ ሲመጣ ግን የልደታ ሜዳ አልበቃም። ጄት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሱን ይረዝማል። ስለዚህ ቦሌ ተሠራ። ታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. ላይ ከቦይንግ 707 አጠር፣ ቀለል ያሉ ሁለት 720ቢ ጄቶች ለአየር መንገዱ ገቡለት።

ጄት ዓለምን ምን ያህል እንዳሳጠራት ለማየት ከ1956 ዓ.ም. ኅዳር የበለጠ ጊዜ አላውቅም። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 20 ቀን ዋሽንግተን ገብተው፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከባለቤታቸው ጋር ተቀብለዋቸው ነበር። ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ኅዳር 12 ቀን፣ ዓርብ፣ ኬኔዲ ዳላስ ላይ ተገደሉ። ሞታቸው ሲነገር እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። ሰኞ ኅዳር 15 ቀን ቀትር ላይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ወታደራዊ ልብሳቸውን ለብሰው ከነጩ ቤት እስከ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል ከሬሳው ኋላ በእግራቸው ይሄዱ ነበር፤ ጎናቸው ረጅሙ ዴጎል ነበሩ። ለደስታው ስምንት ወር የፈጀው መንገድ፣ ለለቅሶው ከሦስት ቀን ያነሰ በቃው። ቀብር ላይ መድረስን የሚያህል ነገር በሌለበት አገር፣ ይህን የሰማ ሁሉ ስለ ጄት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ያለው ግን የሰማዩ መንገድ አጥሮ የምድሩ የረዘመበት ጊዜ ነው። አሜሪካ ለትምህርት ሄደው የነበሩ ልጆች መመለሱን ፈሩ፤ እዚህ ያሉት መውጫውን አጡ። የመውጫ ቪዛ የሚባል ነገር መጣ። እሱን ያላገኘ በእግሩ ወጣ። የጎንደሩ ሰው በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ ይገባል። ሌሊት ይሄዳል፤ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ የስደተኞች ሕግ አወጣች፤ ከሱዳን ካምፖች ኢትዮጵያውያንን እየመረጠች መውሰድ ጀመረች። አሁን ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንድ ዘመዴ ከጎንደር ወጥተው እዚያ እስኪደርሱ አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ከዚያ ውስጥ በአየር ላይ ያሳለፉት አንድ ቀን አይሞላም። «ቀሪውንስ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ቀሪውንማ ወረፋ ላይ ነበርኩ» አሉኝ።

በዚያው ዘመን፣ ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ አንዲት አውሮፕላን ከዋሽንግተን ተነስታ የትም ሳታርፍ አዲስ አበባ ገባች። አየር መንገዱ ያኔ የተረከባት ቦይንግ 767-200ኢአር ነች። 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በረረች። ባለ ሁለት ሞተር ጄት እስከዚያ ቀን ያን ያህል ርቆ በርሮ ስለማያውቅ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ። የባለ ሁለት ሞተር ነገር በዚያን ጊዜ ገና አነጋጋሪ ነበር። አንዱ ሞተር ቢቆም በሌላው ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬድ ርቀት ላይ መገኘት የለበትም የሚለው ሕግ የላላው በተከታዩ ዓመት ነው። እና ያን ክብረ ወሰን የሰበረው፣ በቃል ኢምፔሪያሊዝምን ሲያወግዝ በሥራ ቦይንግ መግዛቱን ያልተወ የወታደር መንግሥት አገር አየር መንገድ ነው። ደርግ ብዙ ነገር አበላሽቷል፤ አየር መንገዱን ግን ለባለሙያው መተዉ ሲነገርለት ይኖራል።

ክብረ ወሰኑን ሳስበው ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛው፣ መስመሩ ላይ መንገደኛ አልነበረም፤ ያቺ በረራ የአዲስ አውሮፕላን ርክክብ ነች። ልጃቸውን ካዩ አሥር ዓመት የሆናቸው እናት ትኬት ቆርጠው የሚሳፈሩባት አልነበረችም። ሁለተኛው፣ ክብረ ወሰኑ የተሰበረው በመምጫው እንጂ በመሄጃው አይደለም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መደበኛው የአሜሪካ በረራ የተጀመረው መንግሥት ተለውጦ፣ የወጣው መመለስ፣ የቀረው መሄድ ከቻለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ዋሽንግተን የተመረጠችው በዋና ከተማነቷ ብቻ አይደለም። በአሌክሳንድሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በዋሽንግተን ዩ ጎዳና አካባቢ ያለው ሐበሻ ከአፍሪካ ውጭ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። አየር መንገዱ የሄደው ሰው ወዳለበት ነው።

ከዚያ በኋላ ቦሌ የሌሊት ገበያ መሰለች። ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው ያለበት ቤት ሳምንቱን ሙሉ ሚዛን ላይ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬው በላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ሌላ ላስቲክ፤ ሽሮው፤ ድርቆሹ፤ ያልተቆላ ቡና፤ ለአራስ የሚሆን አጃ፤ ለሠርግ የተሸመነ ቀሚስ። ሻንጣው ይንጠለጠላል፤ 25 ይላል። «ከምኑ ይቀነስ?» ይባላል። ሁልጊዜ የሚቀነሰው የመንገደኛው የራሱ ልብስ ነው። እንጀራውም ራሱ የአየር መንገደኛ ሆኗል፤ ማታ አዲስ አበባ የተጋገረ በማግስቱ ዋሽንግተን ላይ ይበላል።

ስልኩም እንደዚሁ ቀለለ። እናቶች የሚይዙት ሒሳብ አንድ ነው፤ በበጋቸው ጊዜ የዋሽንግተን ሰዓት ላይ አንድ ጨምር፣ በክረምታቸው ሁለት። የሰባት ሰዓት ልዩነት እንዴት አንድ ይሆናል የሚል ካለ፣ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከጠዋት አሥራ ሁለት ተነስተን መሆኑን አይርሳ። እዚያ ቀትር አልፎ አንድ ሲል፣ እዚህ ከምሽቱ ሁለት ነው።

ኅዳር 2003 ዓ.ም. ቦይንግ 777-200ኤልአር መጣ፤ ኤልአር የተባለው ሩቅ በራሪ ለማለት ነው። በነሐሴ 2004 ድሪምላይነር የሚባለው ሌላው ቦይንግ ተከተለ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው እሱ ነው። በእነዚህ አውሮፕላኖች ከዋሽንግተን የተነሳ መንገደኛ የትም ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። ጠዋት ዳለስ ላይ ይሳፈራል፤ በማግስቱ ጠዋት በእንጦጦ ላይ ያለውን ጉም ያያል። መሄጃው ግን እንደዚያ አልሆነም።

ደብሊን ላይ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነስተን አውሮፕላኑ አየርላንድ አረፈ። ማንም አይወርድም። በሩ ተከፍቶ ብርድ ገባ፤ አብራሪዎቹና አስተናጋጆቹ ተቀየሩ፤ ጽዳቶች ገብተው መተላለፊያውን ጠረጉ፤ ከክንፉ ሥር የነዳጅ ቱቦ ተሰካ። አጠገቤ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ እናት ተቀምጠዋል። የልጅ ልጅ ሊያዩ ነው የሚሄዱት፤ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው።

«ደረስን እንዴ ልጄ?»

«ገና ነን እማማ። ነዳጅ ልትቀዳ ነው።»

ጥቂት አሰቡና «ከቤቷ ጠጥታ አትወጣም ነበር?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ከእሳቸው አሳምሮ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። መልሱ ጠጥታ አትወጣም ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፍ የሚያነሳው በላዩና በሥሩ በሚያልፈው አየር ነው፤ ሞተርም የሚገፋው አየር ውጦ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ያነሰ ያነሳል፣ ሞተሩም ያነሰ ይገፋል፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት ይበልጥ መሮጥ ይኖርበታል። መንደርደሪያው ግን የሆነ ቦታ ያበቃል። የቀረው ምርጫ ክብደት መቀነስ ነው። ሰውና ሻንጣ ከተቀነሰ ገንዘቡ የለም፤ ነዳጅ ከተቀነሰ አትላንቲክን አያሻግርም። የሻንጣው ጭቅጭቅ ከሳሎን ወጥቶ አውሮፕላኑም ላይ አለ፤ እዚህ ግን የሚቀነሰው ነዳጁ ነው።

ከዚያ ደግሞ ነፋሱ አለ። በአትላንቲክ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ሁልጊዜ አለ ማለት ይቻላል። ወደ አሜሪካ የሚሄደውን በደረቱ ይመልሰዋል፤ ወደ እኛ የሚመጣውን በጀርባው ይገፋዋል። ዳለስ ደግሞ ከባሕር ወለል 95 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ከዚያ የሚነሳ ታንከሩን ሞልቶ፣ ወፍራም አየር ተደግፎ፣ ነፋስ አዝሎት ይመጣል። የ1976ቷ 767 ክብረ ወሰኑን በመምጫዋ የሰበረችው በዚህ ነው። ያቺው አውሮፕላን በዚያው ቀን ፊቷን አዙራ ከቦሌ ብትነሳ ኖሮ ዋሽንግተን ባልደረሰች ነበር።

ለዚህ ነው መሄጃው ላይ የሚታረፍባቸው ከተሞች ሁሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሆኑት። ለዓመታት ሮም ነበረች። ከ2007 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደብሊን ሆነች። በኋላ የቶጎዋ ሎሜ ተጨመረች፤ እሷማ ባሕሩ አፍ ላይ ነች። የመንገዱን ርዝመት ሉል ላይ ብለካው፣ በሮም ማለፍ ከቀጥታው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይጨምራል፤ በደብሊን ወደ 270። ለአውሮፕላን ይህ የሃያ ደቂቃ ነገር ነው። በሎሜ ግን ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ እዚያ የሚታረፈው መንገድ ላይ ስላለች ብቻ አይደለም፤ ከምዕራብ አፍሪካ መንገደኛ ለመጫንም ጭምር ነው። እንግዲህ ከ13 እስከ 17 ያለው አራት ሰዓት ከሞላ ጎደል እንዲህ ይከፈላል፦ ማረፉ፣ ነዳጁና እንደገና መነሳቱ አንዱን እጅ ይወስዳሉ፤ ነፋሱ ሌላውን።

ጠጥታ ትውጣ የሚሉትን እናት ጥያቄ የሰማ ያለ ይመስላል። አየር መንገዱ አዲሱን ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት የመረጠው ቦታ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ የሚባለው ሜዳ ነው። ስለ ፕሮጀክቱ ሲወራ የሚነሳው የመንገደኛው ብዛትና የመንደርደሪያው ቁጥር ነው። ለዋሽንግተኑ መንገደኛ የሚጠቅመው ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው፣ ቢሾፍቱ 1,920 ሜትር ገደማ። ሜዳው ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።